ሞዴሉ የሚስተውን የጎጃም ጉም በሁለት ቴርሞሜትር ማረም

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ አጠገብ ሳይንስ አስተምራለሁ። ክረምቱ ወጥቶ መስከረምና ጥቅምት ላይ ሜዳው ማለዳ ጉም ይለብሳል፤ ትንበያው ግን «ጥርት ያለ ሰማይ» ይላል። ትምህርት ቤታችን ደረቅና እርጥብ ቴርሞሜትር አለው። በእነዚህ ትንበያውን ማረም ይቻላል? ደጀን ላይ ለሚያልፉ ሾፌሮችስ ይጠቅማል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ንባብዎ ሞዴሉ (ትንበያውን የሚያሰላው የኮምፒውተር ፕሮግራም) ውስጥ ባይገባም ከሞዴሉ የወጣውን ቁጥር ያርማል። ጂኤፍኤስ የተባለው የአሜሪካው ሞዴል ምድርን በ13፣ የአውሮፓው ሞዴል በ9 ኪሎ ሜትር ገደማ ካሬዎች ከፍሎ ነው የሚያሰላው። በአንድ ካሬ ውስጥ ያለው ጉብታና ረባዳ አንድ አማካይ ከፍታ ይሰጠዋል። ሌሊት ቀዝቃዛ አየር የሚተኛበት ረባዳ፣ ማለትም ጉሙ የሚነሳበት ቦታ፣ ለሞዴሉ የለም። የካሬው ከፍታ ከእናንተ በ300 ሜትር ዝቅ ካለም በዚያ ብቻ 2 ዲግሪ ያህል አሙቆ ይተነብያል።

ሥራው ያለው ከንባቡ ጥራት ላይ ነው። የእርጥቡን ቴርሞሜትር ጨርቅ በየሳምንቱ ይቀይሩ፤ ንጹሕ የዝናብ ውኃ ይጠቀሙ፤ ከማንበብዎ በፊት 2 ደቂቃ ያራግቡለት። ጨርቁ ከቆሸሸ ወይም ከደረቀ እርጥቡ ከፍ ብሎ ያነባል፣ አየሩም ሳይረጥብ የረጠበ ይመስላል። ከዚህ የባሰው ግን ከሁለቱ ንባቦች የጤዛ ነጥብ (አየሩ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ጤዛ መሆን የሚጀምርበት ሙቀት) የሚወጣበት ሠንጠረዥ ስህተት ነው። 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የአየር ግፊት 760 ሄክቶፓስካል ያህል ነው። ደረቁ 16፣ እርጥቡ 12 ሲያነቡ ለባሕር ጠለል የተሠራው ሠንጠረዥ የጤዛ ነጥቡን 8.8 ይለዋል፤ ትክክለኛው 9.7 ነው። አንድ ዲግሪ የማይሞላ ልዩነት ነው፤ ጉምን ለመሳት ግን ይበቃል።

ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሙቀቱንና የጤዛ ነጥቡን ይመዝግቡ፤ አጠገቡ ሞዴሉ ለዚያው ሰዓት የተነበየውን ይጻፉ። የሞዴሉ ሰንጠረዥ በግሪንዊች ሰዓት ከሆነ ያ ሰዓት «03» ተብሎ ነው የሚገኘው። ርቀታቸው የተለካ ምሰሶዎችን እያዩ ጉሙንም ይመዝኑ፤ የ1,000 ሜትሩ ካልታየ ጉም ነው። ከ30 ንጋት በኋላ የስህተቱን (ከትንበያው ንባብዎ ሲቀነስ የሚቀረውን) አማካይ ያውጡ፣ ነገር ግን ጥርት ያሉትንና ደመናማ ሌሊቶችን ፈጽሞ አይቀላቅሉ። ደመና የምድሩን ሙቀት ስለሚይዘው ሞዴሉ በእነዚያ ሌሊቶች ብዙም አይስትም፤ ሲቀላቀሉ የጥርቱ ሌሊት ትልቅ ስህተት ተሸፍኖ ይቀራል።

ከዚያ በኋላ የጥርቱን ሌሊት ስህተት ከዛሬው ትንበያ ይቀንሱ። በታረመው ሙቀትና በታረመው የጤዛ ነጥብ መካከል 1 ዲግሪ ወይም ያነሰ ከቀረ፣ ነፋሱም ጭስ የሚያዘነብል ግን ቅጠል የማያንቀሳቅስ ከሆነ ጉም ይጠብቁ። ነፋስ ጨርሶ ከሌለ እርጥበቱ ጤዛ ሆኖ ሣር ላይ ይቀራል።

የደጀኑ ሌላ ነው። በዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ ሾፌሮችን የሚያስጨንቀው ብዙ ጊዜ ዳገቱን የነካ ደመና ስለሆነ የሌሊቱ እርማት አይሠራበትም። እዚያ የሚያስፈልገው የሸለቆው ግርጌ ንባብ ነው፦ ሙቀቱ ከጤዛ ነጥቡ በሚበልጥበት በእያንዳንዱ ዲግሪ 125 ሜትር ይቁጠሩ። የዓባይ ድልድይ አጠገብ፣ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሙቀቱ 24 የጤዛ ነጥቡ 15 ከሆነ የደመናው ግርጌ 2,100 ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለው የደጀን አፋፍ ደመናው ውስጥ ነው። ስሌቱ የሚያገለግለው ግን አየሩ ከሸለቆው ወደ ላይ በሚነሳበት በቀኑ ክፍል ነው። ንጋት ላይ ቀዝቃዛው አየር ግርጌው ላይ ስለሚተኛ ስሌቱ ያሳስታል።