ቀስ ሲነዱ ብቻ ከኋላ የሚሰማ «ቋ ቋ»

ጠያቂያችን የ2003 ሞዴል ቶዮታ ቪትዝ አላቸው። ከቤታቸው እስከ አስፋልቱ ባለው ኮብልስቶን ላይ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በታች ሲነዱ ከኋላ «ቋ ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማሉ፤ አስፋልት ላይ ወጥተው ፍጥነት ሲጨምሩ ይጠፋል። ጋራዥ ወስደውት ሁለቱም የኋላ ሾኮች (የመንገዱን ንዝረት የሚያበርዱት) ተቀየሩ፤ ድምፁ ግን እንዳለ ነው።

መልሴን ከመጀመሬ በፊት የኋላ ጎማዎቹን ብሎኖች ዛሬውኑ ያጥብቁልኝ። ድምፁ ቀድሞም የነበረ ቢሆንም ለሾኩ ሥራ ጎማ ወልቆ ስለነበር ይህ ሳይረጋገጥ መንዳት አይገባም፤ ልኩም 103 ኒውተን ሜትር ነው። ቀጥሎ የኋላ ዕቃ መጫኛውን፣ ትርፍ ጎማውንና ክሪኩን ጭምር አውጥተው ባዶውን ይንዱት። እኔ ራሴ ግማሽ ቀን የደከምኩበት አንድ ድምፅ በመጨረሻ የክሪክ እጀታ ሆኖ ተገኝቷል።

ድምፁ ካልጠፋ መለየት ያለበት ዋናው ነገር ድምፁ የጎማውን ዙር ይከተላል ወይስ የመንገዱን እብጠት የሚለው ነው። ለስላሳ አስፋልት ላይ፣ መስኮት ከፍተው፣ ድምፁን መልሶ በሚያሰማዎት ግንብ አጥር ጥግ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይንዱ። በዚህ ፍጥነት የቪትዝ ጎማ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ሦስት ጊዜ ያህል ይዞራል፤ «ቋ» የሚለውም በዚያው ምት ከሆነ ምክንያቱ ከጎማው ጋር የሚዞር ነገር ነው፤ ታምቡር (የፍሬን ሸራዎቹን የሚሸፍነው ክብ ብረት)፣ ኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበት ባለ ኳስ ቀለበት) ወይም ጎማው ላይ የተሰካ ጠጠር ሊሆን ይችላል። አስፋልቱ ላይ ዝም ብሎ ኮብልስቶን ላይ ብቻ ከተሰማ ግን የላላ ነገር እየተናወጠ ነው፤ የእርስዎም ከዚህኛው ወገን ይመስለኛል።

አሁን ወደ ኮብልስቶኑ ይመለሱ። ሰው በሌለበት ቦታ ቀስ ብለው እየነዱ የእጅ ፍሬኑን ቁልፍ እንደተጫኑ አንድ ወይም ሁለት ጥርስ ያህል ብቻ ይሳቡት። የእግር ፍሬን አራቱንም ጎማ ስለሚይዝ ለዚህ ፈተና አይሆንም፤ የእጅ ፍሬን ግን የሚይዘው የኋላዎቹን ብቻ ነው። ድምፁ ወዲያው ጸጥ ካለ ጥፋቱ ያለው ታምቡሩ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ የፍሬን ሸራ በቦታው የሚቆመው በትንሽ ሞላና በቀጭን ፒን ነው፤ ሞላው ሲደክም ወይም ሲሰበር ሸራው በየድንጋዩ ከብረቱ ጋር ይጋጫል። የእጅ ፍሬኑ ሲሳብ ሸራዎቹ ታምቡሩ ላይ ስለሚጣበቁ የሚጋጭ ነገር አይኖርም።

ታምቡሩን ለመክፈት መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ የፊት ጎማዎች በድንጋይ ይታገዱ፤ ማርሹ ፒ ላይ፣ ማኑዋል ከሆነም አንደኛ ላይ ይሁንና የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅ። ክሪክ ለማንሳት ብቻ ነው፤ ከተነሣ በኋላ መኪናውን የሚሸከመው ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) መሆን አለበት። ታምቡሩ ዝጎ እምቢ ካለ በመዶሻ አይደብድቡት፤ ፊቱ ላይ ባሉት፣ የብሎን ጥርስ በተቆረጠባቸው ሁለት ቀዳዳዎች ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎኖች እያፈራረቁ ቢያስገቡ ራሱ ገፍቶ ይወጣል። በአሮጌ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል አቧራውን በአየር ከመንፋት ይልቅ በውሃ አርጥበው ይጥረጉት። ሸራው ከ1 ሚሊ ሜትር ከሳሳ ጊዜው አልፏል፤ ሸራም ሆነ ሞላ ደግሞ በሁለቱም ጎን አንድ ላይ ይቀየራል።

የእጅ ፍሬኑ ምንም ካልለወጠ ወደ አዲሶቹ ሾኮች እመለሳለሁ፤ አዲስ ዕቃ በደንብ ካልታሰረ ከአሮጌው የባሰ ይጮኻል። የላይኛውን ጫፍ በእጅዎ ይዘው ሌላ ሰው መኪናውን ከኋላ እየተጫነ ይልቀቀው፤ ከመዳፍዎ ሥር «ቋ» ካለ ዳዶው (የብሎኑ ማሰሪያ) ልል ነው ወይም ጎሚኒው (በብረቶቹ መካከል የሚገባው ላስቲክ) ተረስቷል። የታችኛው ብሎን ደግሞ በመጨረሻ የሚጠብቀው መኪናው በጎማዎቹ ቆሞ ክብደቱ ካረፈበት በኋላ ነው። አየር ላይ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ጎሚኒው እንደተጠመዘዘ ስለሚቀር ቶሎ ይቀደድና ያው ድምፅ ይመለሳል፤ ስለዚህ የቀየረልዎትን መካኒክ ብሎኑን እንዴት እንዳጠበቀው ይጠይቁት።