አዲስ የፍሪሲዮን ሸራ ከመግዛትዎ በፊት የወጣውን ሸራ ይመርምሩት

ጠያቂያችን፣ የገልባጭ መኪናዎ የፍሪሲዮን ሸራ (የሞተሩን ኃይል ወደ ካምቢዮው፣ ማለትም ወደ ማርሽ ሳጥኑ፣ የሚያስተላልፈው ክብ ዕቃ) በተቀየረ ብዙም ሳይቆይ ዳግመኛ ተቃጥሎ መውጣቱን ገልጸው፣ ጥፋቱ የዕቃው ጥራት እንደሆነና እንዳልሆነ ጠይቀዋል። በከባድ መኪና ጥገና ከቆየሁበት ልምድ ስነሣ፣ ደካማ ዕቃ አልፎ አልፎ ቢያጋጥምም፣ ሸራን ያለጊዜው የሚጨርሰው በአብዛኛው በመንሸራተት የሚፈጠር ሙቀት ነው፤ የሚያንሸራትተው ምክንያት ሳይታወቅ የሚገጠም ሌላ ሸራም እንደ ቀድሞው ይቃጠላል።

ስለዚህ የወጣውን ሸራ አይጣሉት። በዘይት ከራሰ የሞተሩን የኋላና የካምቢዮውን የፊት ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይፈስ የሚያግደውን ቀለበት) ያስፈትሹ። ደረቅ ሆኖ ከጠቆረና ቮላኖው (ሸራው የሚጣበቅበት፣ ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከር ከባድ ክብ ብረት) ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ወይም ስስ ስንጥቅ ከታየ ግን ነገሩ የሙቀት ነው።

በዚህ ጊዜ እኔ አስቀድሜ የማየው የፔዳሉን ባዶ ጉዞ፣ ማለትም ፔዳሉ ኩሽኔታውን (ሲገፋ ሸራውን ከቮላኖው የሚያላቅቀውን ዕቃ) መግፋት እስኪጀምር ድረስ የሚወርደውን ርቀት ነው። ራሱን በማያስተካክልና በዘንግ በሚሠራ ፍሪሲዮን ላይ፣ ሸራው እየሳሳ በሄደ ቁጥር ይህ ርቀት እየጠበበ ይመጣል፤ ጨርሶ ሲጠፋ አሽከርካሪው እግሩን ከፔዳሉ ላይ ቢያነሣም ኩሽኔታው እንደተጫነ ስለሚቀር፣ ሸራውን ከቮላኖው ጋር የሚያጣብቀው ኃይል ይቀንሳል፤ ሸራው በጭነት ጊዜ ይንሸራተታል፣ ይሞቃል፣ ይበልጥ ይሳሳል፣ መሳሳቱም መልሶ የኩሽኔታውን ጫና ያባብሰዋል። ልኩን የሚወስነው የአምራቹ መመሪያ ቢሆንም፣ እንዲህ ባሉ ብዙ ከባድ መኪናዎች ላይ ፔዳሉ 40 ሚሊሜትር ገደማ ባዶ ጉዞ ይኖረዋል። የእርስዎ በዘይትና በንፋስ የሚታገዝ ከሆነ፣ አጋዥ ሲሊንደሩ ፔዳሉ ሲለቀቅ እስከ መጨረሻው መመለሱን ያረጋግጡ፤ ሳይመለስ ከቀረ ጉዳቱ ያው ነው።

ቀጥሎ የሚታየው አነዳዱ ነው። ጭነት የያዘ መኪና ሁልጊዜ በዝቅተኛው ማርሽ፣ ነዳጅ ሳይሰጥ ወይም በጥቂቱ ብቻ እየተሰጠ ሊነሣ ይገባል። ሞተሩ በእኩል ዙር እየሠራ፣ መኪናውን በእጥፍ በሚያፈጥን ማርሽ መነሣት በሜዳ ላይ እንኳ ወደ አራት እጥፍ የሚጠጋ ሙቀት ሸራው ላይ ይጥላል፤ ዳገት ላይ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ዳገት ላይ መኪናውን በፍሬን ፋንታ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ለቆ መያዝ፣ እንዲሁም በጉዞ ላይ እግርን ፔዳሉ ላይ ማሳረፍ፣ ደህና የነበረውን ዕቃ በአጭር ጊዜ ያበላሹታል። ባለንብረቶች አሽከርካሪውን ከመውቀሳቸው በፊት ባዶ ጉዞውን እንዲለኩ አጥብቄ እለምናለሁ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ተገኝቶ አይቻለሁና።

ሸራው ሲቀየር ቮላኖው በቶርኖ ይስተካከል፤ ስንጥቁ ጥልቅ ከሆነ ይቀየር። ሸራውን የሚጫነው ሳህንና ኩሽኔታውም ሳይፈተሹ አይመለሱ። የወጣውን ሸራ በሁለቱም ገጽ ፎቶ አንሥተው፣ የፔዳሉን ባዶ ጉዞና መኪናው ጭኖ የሚነሣበትን ማርሽ ጨምረው ቢጽፉልን፣ የትኛው ምክንያት እንደሆነ ለይተን ልንነግርዎ እንችላለን።