ኢሴንትሪሲቲው ከ1 በለጠ ብለህ አትጨፍር

ወንድሜ፣ "የስድስት ሌሊት ፎቶ አለኝ፤ ፕሮግራሙ ኢሴንትሪሲቲው 1.018 ነው አለኝ። ይህ ጅራታም ኮከብ ከሌላ ፀሐይ የመጣ ነው ማለት ነው?" ያልከውን ሳነብ የራሴን ጉድ አስታወስከኝ። አይደለም። እኔም 1.02 አግኝቼ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ኢሴንትሪሲቲ ምህዋሩ ምን ያህል እንደተለጠጠ የሚናገር ቁጥር ነው፦ ከ1 በታች ከሆነ ዝግ ሞላላ (ኤሊፕስ)፣ ልክ 1 ከሆነ ፓራቦላ፣ ከ1 በላይ ከሆነ ተመልሶ የማይመጣበት ክፍት መንገድ (ሃይፐርቦላ) ነው።

1. መጀመሪያ ሰዓትህን መርምር። የእኔ ኮምፒውተር ሰዓቱን ከኢንተርኔት እያየ ያስተካክላል ብዬ አምኜው ነበር። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሌሊት ላይ አስተካክሏል። መሃል ባለው ሌሊት ግን ኔትወርክ ጠፍቶ 40 ሰከንድ ወደ ኋላ ቀርቷል። ጅራታም ኮከቡ በደቂቃ 2 አርክ ሰከንድ (አንድ አርክ ሰከንድ የዲግሪ 1/3600 ነው) ይጓዝ ስለነበር ቦታው በ1.3 አርክ ሰከንድ ገደማ ተዛነፈ። ይህቺ ምን አላት እንዳትል! ቅስቱ (ማለትም ያየኸው የመንገዱ ክፍል) አጭር ሲሆን መንገዱ ምን ያህል እንደታጠፈ የሚናገረው መሃሉ ነው። ሁለቱ ጫፎች ባሉበት መሃሉን ትንሽ ገፋ ካደረግከው ኤሊፕሱ ሃይፐርቦላ ሆኖ ቁጭ ይላል። ሁሉም ሌሊት እኩል 40 ሰከንድ ቢዘገይ ይሻለኝ ነበር፤ ያኔ በአብዛኛው የሚዛባው ለፀሐይ የሚቀርብበት ጊዜ ብቻ ነበር።

2. ፋይሉ ላይ የተጻፈው ሰዓት ፎቶው የተጀመረበት ነው ወይስ የተጋመሰበት? የሚፈለገው የተጋመሰበት ነው፣ ያውም በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት)። እኔ አንዱን ሌሊት በ60 ሰከንድ፣ ሌላውን በ180 ሰከንድ አንስቼ ሁሉንም በመነሻው ሰዓት መዝግቤያለሁ። በዚህ ላይ "ከሌላ ሥርዓተ ፀሐይ የመጣ አገኘሁ" ብዬ ለአንድ ትልቅ ተቋም ጻፍኩ። መልሱ አንድ መስመር ነበር፦ "ሰዓትህን አስተካክል።" ሰላምታ እንኳ የለውም። እውነቱን ነበር፤ ግን እንዲህ ይባላል?

3. ስትለካ ጅራቱ ወደ ራሱ እንዳይስብህ። ቦታውን ለመለካት ፎቶው ላይ የምታስቀምጠውን ክብ አጥብበህ ደማቁን ነጥብ ብቻ ያዝ። እኔ ሰፊ ክብ ተጠቅሜ መሃሉ ወደ ጅራቱ ሸሽቶብኝ ነበር።

አሁን ምን ታደርጋለህ? ኢሴንትሪሲቲውን 1 ላይ ቆልፈህ ፓራቦላ አስላ። የሥነ ፈለክ ሊቁ ኦልበርስ እ.ኤ.አ. በ1797 ያሳተመው የምህዋር ማስሊያ ዘዴም ምህዋሩን ፓራቦላ አድርጎ ነው የሚነሳው፤ ምህዋሩን ከሚወስኑት ስድስት የማይታወቁ ቁጥሮች አንዱ ይቀልልሃል። ቀሪ ስህተቶቹ (በለካኸውና በተሰላው ቦታ መካከል ያሉት ልዩነቶች) ከ1 አርክ ሰከንድ በታች ከሆኑ ሃይፐርቦላው አያስፈልግህም። ከዚያ ጠብቅ፣ የድሮ ፎቶም ፈልግ። ሄል-ቦፕ የተባለው ጅራታም ኮከብ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1995 ተገኝቶ፣ ኋላ ግን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1993 የተነሳ ፎቶ ላይ ታየ። ቅስቱን በሁለት ዓመት ያስረዘመው ያ አንድ ፎቶ ነው።

ቅስትህ ረዝሞም ከ1 ትንሽ ቢበልጥ አትቸኩል። ፕላኔቶች ይገፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1980 የተገኘው የቦዌል ጅራታም ኮከብ 1.057 የደረሰው ጁፒተር አጠገብ ስላለፈ ነው እንጂ የእኛው ነበር። ከፕላኔቶቹ ክልል ውጭ ሳለ የነበረውን ምህዋር ወደ ኋላ አስልተህ፣ ከፀሐይ ሳይሆን ከመላው ሥርዓቱ የክብደት ማዕከል አንጻር እየው። ከሌላ ሥርዓተ ፀሐይ የመጣው እውነተኛው እንግዳ፣ ቦሪሶቭ የተባለው ጅራታም ኮከብ፣ ኢሴንትሪሲቲው 3.36 ገደማ ነበር፤ እሱ ምንም አላጠራጠረም።

የእኔው ከሦስት ወር ክትትል በኋላ 0.9996 ሆነ፤ አማካይ ስህተቴም 0.4 አርክ ሰከንድ። ለዚያ ባለ አንድ መስመር ሰውዬ ላክሁለት፣ አልመለሰም።

የመሃለኛው ሌሊት ፎቶ ስንት ሰዓት ተጀምሮ ለስንት ሰከንድ እንደተነሳ እዚህ ጻፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን።