«አብሮ አደረሰን» ወይስ «አብረን አደረሰን»?

ጥያቄ፦ «ካገባሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የመጀመሪያውን ገና ያከበርነው አማቶቼ ቤት ነበር። ቤቱ በአክስትና በአጎት፣ በአክስት ልጅና በአጎት ልጅ ጢም ብሎ ነበር። የባለቤቴ አጎት ‹እንኳን አደረሰሽ የኔ ልጅ› ሲሉኝ ‹እንኳን አብረን አደረሰን› አልኳቸው። ‹አብሮ ነው እንጂ!› ብለው ሳቁ። ቤቱም አብሯቸው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ግን አልገባኝም። እኛ ያን ሁሉ ሰዎች ሆነን ‹አብሮ› እንዴት ይባላል? በአጭሩ ‹መልካም ገና› ብልስ ምን ነበረበት? ዘንድሮ ለሁሉም በስልክ መልእክት ልልክ ስለሆነ አጻጻፉንም ይንገሩኝ።»

መልስ፦ አጎትየው ትክክል ናቸው። አንቺም ግን ቤት ሙሉ ሰው የሚያስቅ ስሕተት አልሠራሽም።

እስቲ ከግሡ እንነሣ። «ደረሰ» እና «አደረሰ» አንድ አይደሉም። የሚደርሰው ራሱ ሰውየው ነው። ማድረስ ግን ሌላውን ማድረስ ነው፤ ልጅን ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ዕቃን ለባለቤቱ ማድረስ እንደምንለው። ስለዚህ «አደረሰሽ» ውስጥ ሁለት ወገን አለ። አንዷ አንቺ ነሽ፤ መጨረሻ ላይ «ሽ» ሆነሽ ተቀምጠሻል። ሌላው ያደረሰሽ ነው። እሱ በስሙ አልተጠራም፤ ያልተጠራው ሁሉም ሰው ስለሚያውቀው ነው። ከዓመት እስከ ዓመት ጠብቆ ለዚህ ቀን ያደረሰሽ እግዚአብሔር ነው። የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት እርሱ ነው። (ባለቤት ስል የሰዋስዉን ነው፤ ያንቺን ባለቤት አልነካሁም።)

ይህ የተደበቀ ባለቤት በሌላ የምርቃት አነጋገር ብቅ ብሎ ይታያል። የወለደች ሴት ሲጠይቁ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላሉ። እዚህ ስሙ ተጠርቷል። ማርያም ሴት ስለሆነች ግሡም «ማረች» ሆኗል። በ«አደረሰሽ» ውስጥ ግን ስሙ ቀርቶ ግሡ ብቻ፣ በወንድ ነጠላ፣ እንደተሠራ ቀርቷል።

እንግዲህ ወደ «አብሮ» እንምጣ። «አብሮ» የ«አበረ» ዘር ነው። እንደ ሌላው ግሥ ይረባል፤ አብሬ፣ አብረሽ፣ አብሮ፣ አብረን፣ አብረው እያለ ይሄዳል። «አብረን መጣን» ስንል የመጣነው እኛ ነን፣ ያበርነውም እኛ ነን። «እንኳን አብሮ አደረሰን» ስንል ግን አድራሹ እርሱ ነው። ስለዚህ «አብሮ» ከአድራሹ ጋር ተስማማ፤ እናንተንም እኛንም አንድ ላይ አድርጎ አደረሰን ማለት ነው። የእኛ ብዛት የታየው በ«ን» ነው እንጂ በ«አብሮ» አይደለም። በሌላ በኩል ካየነው ደግሞ «አብሮ» ደርቆ «በአንድነት» እንደ ማለት ሆኗል። «አብሮ አደግ» ስንል ሴቷንም ወንዱንም ነው። «አብሮ መኖር» ስንልም ስንት ሰው እንደሚኖር አንጠይቅም። ሁለቱም መንገድ «አብሮ» ላይ ያደርሳል። እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ፤ ሁለተኛውን የሚመርጥ ሰው ቢመጣ ግን አልጣላውም።

ታዲያ «አብረን አደረሰን» ስሕተት ነው? ሰዋስዉ ይሸከመዋል። አማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ባለቤት አይከለክልም፤ «ምሳ በልተን ሄደ» ብንል የበላነው እኛ፣ የሄደው እሱ ነው። ያንቺም «እኛ አብረን ሳለን እርሱ አደረሰን» ሊሆን ይችላል። ችግሩ ሰላምታ እንደ ሌላው ንግግር አለመሆኑ ነው። ሰላምታ በሰው አፍ ተጠርቦ ያለቀ ነገር ነው። አንድ ፊደል ሲነካ ጆሮ ይነቃል። አጎትየው የሳቁት ለዚህ ይመስለኛል።

ለማነጻጸር ያህል፣ የዚያን ቀን በሩ ላይ የተባለሽን አስታውሺ። «እንኳን ደህና መጣሽ» ብለውሻል። እዚህ የመጣሽው አንቺው ነሽ፤ የተደበቀ የለም። መልሱም «እንኳን ደህና ቆያችሁ» ነው እንጂ «እንኳን አብሮ» የሚባል ነገር አይገባበትም። አንዱ መጥቷል፣ ሌላው ቆይቷል፤ የጋራ ሥራ የለም። «እንኳን ደስ አለሽ» ሲሉሽ ግን «እንኳን አብሮ ደስ አለን» ትያለሽ፤ ደስታው የጋራ ነውና።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። «እንኳን አደረሰ…» ብለሽ ስትጀምሪ አማርኛ ወዲያው ይጠይቅሻል፤ ማንን? ለልጁ «አደረሰህ»፣ ለልጅቷ «አደረሰሽ»፣ ለአማትሽ «አደረሰዎ»፣ ለሁሉም «አደረሳችሁ»። ዕድሜ፣ ጾታ፣ ማዕረግ ሁሉ እዚያች መጨረሻ ላይ ይመዘናል። አዲስ ምራት ደግሞ ይህ ያስጨንቃታል። ባለቤትሽ እናቱን «አንቺ» ሲል አንቺ «አንቱ» ትያለሽ፤ ወይም እሳቸው ራሳቸው «አንቺ በይኝ» ብለው ያደናግሩሻል። በመልሱ ላይ ግን ይህ ሁሉ የለም። ለሕፃኑም ለሽማግሌውም መልሱ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ብቻ ነው። «ን» ሁሉንም ጠቅልላ ትይዛለች። ሰላምታውን ሲጀምሩ ደረጃ አለ፤ ሲመልሱ ግን ሁሉም እኩል የደረሰ ሰው ነው።

ሳሎኑ ሙሉ ሆኖ ማንን በምን እንደምትጠሪ ከጠፋሽ ዘዴው ቀላል ነው። በሩ ላይ ቆመሽ «እንኳን አደረሳችሁ!» በይ። ከዚያ ለትልልቆቹ እየዞርሽ አንድ በአንድ «እንኳን አደረሰዎ»። «አደረሰዎት»ም ይባላል፤ ሁለቱም ያስኬዳል። «አደረሶት» ግን የንግግር ነው፣ ጽሑፍ ላይ አታምጪው።

ወደ «መልካም ገና» ልለፍ። ስሕተት አይደለም። ሰዓቱ ግን ይለያል። «መልካም» ምኞት ነው፤ ወደፊት ያያል። ከሥራ ቦታ ለበዓል ስትለያዩ፣ በዋዜማው ስትሰነባበቱ ጥሩ ነው። «እንኳን አደረሰሽ» ግን ኀላፊ ጊዜ ነው፤ ደርሰናል፣ አለን ማለት ነው። በበዓሉ ዕለት ለአረጋዊት አማት «መልካም ገና» ብቻ ብሎ መቀመጥ ሳሳ ይላል። «መልካም ልደት» ከማለት ደግሞ ተጠንቀቂ። ይህ የሰው የልደት ቀን ሰላምታ ሆኖ ስለተለመደ፣ አክስት ስልካቸውን አንሥተው «ዛሬ የማን ልደት ነው?» ማለታቸው አይቀርም።

ምርቃቱንም አትዝለዪው። ትልልቆቹ «ከዓመት ዓመት ያድርሰን»፣ «የከርሞ ሰው ይበለን» ይላሉ። ያው ግሥ ነው፤ ለዘንድሮው «አደረሰ»፣ ለከርሞው «ያድርስ»። ለዚህ መልሱ «አሜን» ነው፤ «አብሮ» አያስፈልገውም።

አሁን መልእክትሽ። «እንኳን» በ«ኳ» ይጻፋል፤ «እንካን» አይደለም። «አደረሳቹ» ብለሽ አትቁረጪ፤ «አደረሳችሁ» ነው። ለወንድ «አደረሰክ» የሚሉ ብዙ ናቸው። «ክ» ቦታዋ «ደረስክ» ላይ ነው፤ ራሱ ሲደርስ። ሌላ ሲያደርሰው «አደረሰህ» ነው። በዓሉን የሚያያይዘው «ለ» ነው፤ «እንኳን ለገና በዓል በሰላም አደረሳችሁ» ትያለሽ። ጠበቅ ያለ ከፈለግሽ «ለጌታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል» ወይም በግእዙ ሥርዐት «ለበዓለ ልደቱ»። አንዱን ምረጪ። «ለበዓለ ልደቱ በዓል» የሚል ካርድ በየዓመቱ አያለሁ፤ በዓሉ ሁለት ጊዜ ተከበረ። «በዓላቶች»ም እንዲሁ ነው፤ «በዓላት» ብሎ በዝቷል፣ ምን ይጨመርበታል?

ቀን የምትጽፊ ከሆነ ደግሞ ታኅሣሥ 29 ብለሽ አትቸኩዪ። ጳጉሜን 6 በሆነች ማግሥት በሚገባው ዓመት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ገና ታኅሣሥ 28 ይውላል። በ2016 እንዲያ ነበር።

ሳታስቢው ደግሞ ቆንጆ ምሳሌ ሰጥተሽኛል። «ካገባሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ»፣ ቀጥሎ «የመጀመሪያውን ገና»። አጻጻፋቸው አንድ ነው፣ አነባበባቸው ግን ሁለት። የመጀመሪያው «ና» ላልታ ትነበባለች። የበዓሉ ግን ትጠብቃለች። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ አንባቢው ከአገባቡ ያውቃል። «ዋና» ተብሎ ሲጻፍ ውኃ ውስጥ ነው ወይስ አለቃው ነው እንደማለት ነው። ከፊቱ «በ» ሲገባማ ሦስተኛ ይመጣል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን ተረት አላልቶ የሚያነብ ልጅ፣ ጌቶች በበገና ድርደራ የማይቆጡበት አገር ይፈጥራል። የተረቱ ጨዋታ ግን በትርና ጥንግ ይዞ ሜዳ የሚወጣው ነው።

ዘንድሮ አጎትየው እስኪቀድሙሽ አትጠብቂ። እንደገባሽ «እንኳን አደረሰዎ!» በያቸው። «አብሮ»ን የመመለስ ተራው የእሳቸው ይሆናል።