ክሬሸሩ ሲሰነቀርበት፣ አቧራውና ሌሎችም፤ የአንባቢዎች ጥያቄ

ጥያቄ፦ ጆው ክሬሸር (ድንጋይን በብረት መንጋጋ እየጨፈለቀ የሚሰብር ማሽን) ላይ ኦፕሬተር ነኝ። ትልቅ ድንጋይ መንጋጋው ውስጥ ተሰንቅሮ ሲቀር ሞተሩን አጥፍተን በዲጂኖ እየፈነቀልን እናወጣዋለን። አለቃችን «እስከ ዛሬ ማን ተጎዳ?» ይላል። እውነት ችግር የለውም?

መልስ፦ አለው ወንድሜ፣ በጣም አለው። ሞተሩ ጠፋ ማለት ማሽኑ ቆመ ማለት አይደለም። በሁለቱ ጎን ያሉት ከባድ ፍላይዊሎች (ትላልቅ የብረት መዘውሮች) ጉልበት ያጠራቅማሉ፣ ስለዚህ ኃይል ከተቋረጠ በኋላም ይሽከረከራሉ። ጸጥ ብለው ቢቆሙ እንኳ መንጋጋውን እንዳይንቀሳቀስ ይዞ ያቆመው ያው የተሰነቀረው ድንጋይ ሊሆን ይችላል፤ እሱን ስትነቀንቀው መንጋጋው በድንገት ይሄዳል፣ ዲጂኖው ከእጅህ ተመንጭቆ ፊትህን ይመታሃል፣ አንዳንዴም ድንጋዩ ራሱ ተፈናጥሮ ይወጣል። አለቃህ እስካሁን ሰው ካልተጎዳበት ዕድለኛ ነው እንጂ ትክክል አይደለም።

መጀመሪያ ፊደሩን፣ ድንጋይ ወደ ክሬሸሩ የሚያስገባውን፣ አቁም። ከዚያ ዋናውን ማብሪያ አጥፍተህ በጓጉንቸር ቆልፈው፣ ቁልፉም ኪስህ ይግባ። «ሰው አለ፣ አትንኩ» የሚል ወረቀት ብቻ አይበቃም፣ ማንም ሳያነበው ሊያበራው ይችላል። ሦስት ሰው የሚሠራ ከሆነ ሦስት ቁልፍ ይንጠልጠል። ማስነሻውን ተጭነህ እንደማይነሳ አረጋግጥ፣ ፍላይዊሉንም እንዳይዞር አስረው። ድንጋዩን ከላይ በሃይድሮሊክ መዶሻ መስበር ወይም በሰንሰለት አንጠልጥሎ ማውጣት ይሻላል። ሰው አፉ ውስጥ የሚገባው ሌላ መንገድ ከጠፋ ብቻ ነው፣ ያውም የደኅንነት ቀበቶ ታጥቆ።

ደግሞ ቶሎ ቶሎ የሚሰነቀር ከሆነ ጥፋቱ ከላይ ነው። ከአፉ ስፋት 80 በመቶ ገደማ የሚበልጥ ድንጋይ መግባት የለበትም። ስታስነሱም ባዶውን ይሁን፦ መጀመሪያ ኮንቬየሩ (የተሰበረውን የሚወስደው ተንቀሳቃሽ ቀበቶ)፣ ቀጥሎ ክሬሸሩ፣ መጨረሻ ፊደሩ። ስታጠፉ በተቃራኒው።

ጥያቄ፦ የጆው ክሬሸራችን ቶግል ፕሌት (መንጋጋውን ከኋላ የሚደግፈው ብረት) ሁለት ጊዜ ተሰበረብን። ወፍራም አስቀጥቅጠን ብናስገባስ?

መልስ፦ በፍጹም! እሱ ልክ እንደ ፊውዝ ሆን ተብሎ እንዲሰበር የተሠራ ነው። የማይፈጭ ብረት ሲገባ እሱ ተሰብሮ ዋናውን ዘንግና አካሉን ያድናል። ወፍራም ብታስገቡ የሚሰበረው ውዱ ዕቃ ይሆናል። ይልቅ ብረቱ ከየት እንደሚመጣ ፈልጉ። የኤክስካቫተር ጥርስ ወልቆ ሊሆን ይችላል። «ማግኔት አለን» እንዳትሉኝ፣ ጥርሱ ከማንጋኒዝ ብረት የተሠራ ከሆነ ማግኔት አይስበውም። እሱን የሚያውቀው የብረት መፈተሻ ነው።

ጥያቄ፦ ጠጠር ማምረት ልጀምር ነው። የትኛውን ማሽን ልግዛ?

መልስ፦ ድንጋይዎን ሳያስመረምሩ ምንም አይግዙ። ለመጀመሪያው ስበራ አብዛኛውን ጊዜ ጆው ነው። ቀጥሎ እንደ ባዛልትና ግራናይት ላለ ጠንካራ ድንጋይ ኮን (በሾጣጣ ብረት የሚጨፈልቅ ክሬሸር) ይሻላል፤ ለኖራ ድንጋይ ኢምፓክት (በመዶሻ እየመታ የሚሰብር) ጥሩ ቅርጽ ያለው ጠጠር ያወጣል፣ ጠንካራ ድንጋይ ላይ ግን መዶሻዎቹ ቶሎ ያልቃሉ። ቅርጹን አይናቁት፣ ጠፍጣፋና ረዣዥም ጠጠር ኮንክሪት ሲቦካ ብዙ ውኃና ሲሚንቶ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ለአቧራው ሻርፕ አስራለሁ። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። የሚጎዳሽ የሚታየው አቧራ ሳይሆን በዓይን የማይታየው ነው። ግራናይትና አሸዋ ድንጋይ ኳርትዝ በብዛት አላቸው፤ ሲፈጩ የሚወጣው ደቃቅ ሲሊካ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ጠባሳ ይሠራል። ሲሊኮሲስ ይባላል፣ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ስለዚህ አቧራው ከመነሳቱ በፊት ይታፈን፦ የክሬሸሩ አፍና ኮንቬየሩ ድንጋይ የሚያፈስበት ቦታ ላይ ውኃ ይረጭ። ከዚያ በላይ ኤን95 (ደቃቅ አቧራ የሚያጣራ) ወይም የተሻለ ማስክ፣ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም። ጢም ያላቸው ባልደረቦችሽ ይስሙኝ፣ ጢም ላይ አይገጥምም። ወለሉን በደረቁ አትጥረጉ፣ ልብሳችሁንም በኮምፕሬሰር አየር አታራግፉ።