ከኤምባሲ ወደ ክልል መሪነት፦ ለአንድ ጠያቂ ወጣትና ለእኩዮቹ

በቅርቡ ደሴ ላይ አንድ ወጣት፣ «በዲፕሎማሲ የቆየ ሰው ተመልሶ ክልል መምራት ይችላል ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ለዓመታት ሲቆጨኝ የኖረውን አንድ ውሎ ስላስታወሰኝ በጽሑፍ ልመልስለት ወደድሁ።

በእኛ ሀገር መንገዱ ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ነው። አቶ አያሌው ጎበዜ በ2006 ዓ.ም. ከአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድርነት ሲነሡ በቱርክ አምባሳደር ሆነው ተሾሙ፤ የተኳቸው አቶ ገዱ አንዳርጋቸውም በ2011 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ከኤምባሲ ወደ ክልል የሚመጣ ሰው ግን ብዙ አርአያ አያገኝም።

እኔ በቅርብ የማውቃቸው አንድ አንጋፋ አምባሳደር ከረጅም የውጭ አገልግሎት በኋላ በትውልድ አካባቢያቸው ከፍተኛ የፖለቲካ ኃላፊነት ተቀብለው ነበር። በጨፋ ሜዳ፣ በቦርከና ወንዝ ዳር፣ በበጋ ከብቱን ይዞ በሚመጣው አርብቶ አደርና በነባሩ ገበሬ መካከል በግጦሽ ሰበብ ደም ፈስሶ ስለነበር፣ የሁለቱን ወገን ሽማግሌዎች ከሚሴ ላይ ሰበሰቡ። እኔም አብሬያቸው ነበርሁ። በዲፕሎማሲ ሥራ የመግለጫው ረቂቅ ከስብሰባው በፊት ይዘጋጃል፤ እርሳቸውም እንደለመዱት ማንንም የማይወቅስና ማንንም የማያስቀይም፣ በጥንቃቄ የተጻፈ የስምምነት ሰነድ ይዘው መጡ። ተነበበ፤ ተጨበጨበ፤ ተፈረመ። ሽማግሌዎቹ ግን ከተቀመጡበት አልተነሡም። በመጨረሻ አንድ አበጋር፣ ማለትም በወሎ ባህል ዕርቅ የሚመሩ አስታራቂ ሽማግሌ፣ ቀስ ብለው፣ «ጌታዬ፣ የሟች ወገን እኮ ገና አልተናገረም» አሉ። በአበጋሮች ሽምግልና በደሉ በተበዳዩ አፍ መነገር አለበት፤ ዱዓ ይደረጋል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ ለዚህም ቀን እየተቀጠረ ደጋግሞ ይመከራል። አምባሳደሩ ሌላ ቀጠሮ ስለነበረባቸው አመስግነው ወደ ደሴ ተመለሱ። ስምምነቱ እስከ ቀጣዩ በጋ እንኳ አልቆየም። እንደ እርሳቸው ድርድርን የሚያውቅ ሰው አላየሁም፤ የሚቆጨኝም ያ ሁሉ ዕውቀት ከአበጋሮቹ ዕውቀት ጋር ሳይገናኝ መቅረቱ ነው።

አምባሳደር የላከውን መንግሥት ቃል ያደርሳል፤ ውሉ ቢፈርስ እርሱ ሌላ ሀገር ተመድቦ ይሄዳል። የክልል መሪ ግን ካፈራረማቸው ሰዎች ጋር ይኖራል፤ በገበያም በለቅሶም ያገኙታል።

ቋንቋ ተማሩ፣ አንብቡ አልላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። የዛሬ ወጣቶች ለሹመት መቸኮላችሁ ግን ያሳስበኛል። እርግጥ ታንዛኒያዊው ሳሊም አህመድ ሳሊም እ.ኤ.አ. በ1964 በካይሮ አምባሳደር ሲሆኑ ዕድሜያቸው 22 ነበር፤ ከ1989 እስከ 2001ም አዲስ አበባ ተቀምጠው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን በዋና ጸሐፊነት መርተዋል። ስለዚህ ወጣትነት እንቅፋት ነው ብዬ መከራከር አልችልም። ሆኖም እርሳቸውም ለዓመታት ከሠሩበት ከተባበሩት መንግሥታት ሲመለሱ፣ በ1984 ጠቅላይ ሚኒስትር ከመሆናቸው በፊት ለአራት ዓመት ያህል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው የሀገራቸውን መንግሥት ከውስጥ አይተዋል።

ለጠያቂዬ መልሴ «ይችላል» የሚል ነው። አንተም ይህን መንገድ የምታስብ ከሆነ፣ ሹመቱ ሳይመጣ፣ ፋይልም ረቂቅም ሳትይዝ ከአበጋሮች ሸንጎ ኋላ ተቀምጠህ አንድ ጉዳይ ከመነሻው እስከ ዕርቁ ድረስ ተከታተል። ሥርዓቱን አሳምረው ከሚያውቁት ብዙዎቹ አርጅተዋልና የዘንድሮው በጋ ሳያልፍ ብትሄድ ደስ ይለኛል።