«ኮምቦልቻ ላይ ቢተከልስ?» እና ሌሎች የኒውክሌር ጥያቄዎች

ኢትዮጵያ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ከሩሲያው የኒውክሌር ድርጅት ሮሳቶም ጋር የኒውክሌር ማመንጫ ዕቅድ ከተፈራረመች ወዲህ፣ የፊዚክስ አስተማሪ መሆኔን የሚያውቅ ሁሉ ደሴ ፒያሳም ታክሲ ውስጥም ይይዘኛል። ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ ስጡኝ አልኩ፤ ሰጣችሁኝ። እነሆ መልሱ።

መምህር፣ ሪአክተር እንደ አቶሚክ ቦምብ ሊፈነዳ ይችላል ወይ? (ከሰኞ ገበያ)

አይችልም። ሪአክተር አቶም እየተሰነጠቀ ሙቀት የሚወጣበት የማመንጫው ልብ ነው። ከመሬት በሚወጣው ዩራኒየም ውስጥ በቀላሉ የሚሰነጠቀው ዩራኒየም-235 0.7 በመቶ ብቻ ነው። ሌላው ከሞላ ጎደል ዩራኒየም-238 ነው። ለአብዛኛው ማመንጫ 235ቱን ከ3 እስከ 5 በመቶ ያደርሱታል። ለቦምብ ግን 90 በመቶ ገደማ ይፈለጋል። «ታዲያ ቸርኖቤልስ?» ማለትህ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1986 እዚያ መጀመሪያ የፈነዳው የእንፋሎት ግፊት ነው። ከዚያ በውስጡ የነበረው ግራፋይት (የካርቦን ዓይነት) ነደደ፣ ጨረር አመንጪው ብናኝም አውሮፓን አዳረሰ። ቦምብ አልነበረም ማለት ቀላል ነበር ማለት አይደለም።

የኒውትሮኑ ሰንሰለት እንዲህ የሚፈጥን ከሆነ ሰው እንዴት ይደርስበታል? (የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ደሴ)

ከመጡልኝ ሁሉ የወደድኩት ጥያቄ ይሄ ነው። አንድ የ235 አቶም ሲሰነጠቅ ኒውትሮን የሚባሉ ሁለት ወይም ሦስት ቅንጣቶች ይወረውራል። ኃይሉ ሳይጨምር ሳይቀንስ እንዲቀጥል ከነዚህ በአማካይ አንዱ ብቻ ሌላ አቶም መሰንጠቅ አለበት። ቀሪው ይዋጣል ወይም ያመልጣል። አንዱ ትውልድ ለሌላው የሚያቀብለው ደግሞ ከሴኮንድ አንድ ሺኛ ባነሰ ጊዜ ነው። በዚህ ፍጥነት የትኛውም ሞተር ኒውትሮን የሚውጥ መቆጣጠሪያ ዘንግ አስገብቶ አይቀድመውም።

የሚያድነን ጥቂት ዘግይተው የሚመጡ ኒውትሮኖች መኖራቸው ነው። 0.65 በመቶ ያህሉ የሚወጡት አቶሙ ሲሰነጠቅ ሳይሆን በኋላ ከስብርባሪው ነው፤ አንዳንዶቹ እስከ አንድ ደቂቃ ይዘገያሉ። ሪአክተሩን የሚያስተካክሉት ያለነዚህ ዘግይቶ መጪዎች ሰንሰለቱ ራሱን ችሎ መቀጠል እንዳይችል አድርገው ነው። ስለዚህ ሁሉም እነሱን ይጠብቃል። ኃይሉ በሴኮንዶችና በደቂቃዎች ቀስ እያለ ይለወጣል፣ ኒውትሮን የሚውጡት የቦሮን ወይም የካድሚየም ዘንጎችም ጊዜ ያገኛሉ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2 ቀን 1942 የኤንሪኮ ፈርሚ ቡድን ቺካጎ ላይ የመጀመሪያውን ሪአክተር ሲያስነሳ ዋናውን ዘንግ የሚስበው ሰው በእጁ ነበር። በእጅ!

ዘንጉ ገብቶ ሰንሰለቱ ከቆመ ምን ያሰጋል? እንደ ምጣድ፣ እሳቱ ጠፍቶ ግለቱ ስለሚቆይ ነው? (ከኮምቦልቻ፣ እናት)

እትዬ፣ እንደ ምጣድ በሆነማ እሰየው ነበር። ምጣድ የያዘውን ግለት ጨርሶ ይበርዳል። እዚህ ግን የተሰነጠቁት ስብርባሪዎች ራሳቸው ያልተረጋጉ ስለሆኑ አዲስ ሙቀት እያመነጩ ይቀጥላሉ። ሪአክተሩ በቆመባት ቅጽበት ይህ ሙቀት ከሙሉ ኃይሉ 6 ወይም 7 በመቶ ነው። በአንድ ቀን ከ1 በመቶ በታች ይወርዳል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 1,000 ሜጋዋት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ጣቢያ ውስጡ 3,000 ሜጋዋት ያህል ሙቀት አለው። 6 በመቶው 180 ሜጋዋት ነው!

ፉኩሺማ ላይ የሆነው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 11 ቀን 2011 መሬት ሲንቀጠቀጥ ሲሠሩ የነበሩት ሪአክተሮች በሥርዓቱ ቆሙ። ከዚያ ሱናሚው መጥቶ የመጠባበቂያ ጄኔሬተሮቹን አጥለቀለቀ። ውሃ የሚያዘዋውር ፓምፕ ጠፋ፣ የሦስት ሪአክተሮች ነዳጅም ቀለጠ። እኔ ስለ አንድ ማመንጫ ደህንነት ሲወራ መጀመሪያ የምጠይቀው «መብራት ሲጠፋ በምን ይቀዘቅዛል?» ብዬ ነው።

ታዲያ ኮምቦልቻ ላይ ለምን አይተከልም? ፋብሪካው እዚህ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ እዚህ። (ወጣት፣ ኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ ሥራ ፈልገህ እንደሆነ ይገባኛል። ግን የቦርከናን ወንዝ በበጋ አይተኸዋል? ባለ 1,000 ሜጋዋት ጣቢያ በማቀዝቀዣ ማማ ቢሠራ በሰዓት ከ2 ሚሊዮን ሊትር በላይ ውሃ ወደ ሰማይ ያተናል። የደቡብ አፍሪካው ኩበርግ አትላንቲክ ዳርቻ፣ የግብፁ ኤል ዳባ ሜዲትራኒያን ዳርቻ የሆኑት ያለ ነገር አይደለም። ሁለተኛ፣ እኛ ያለነው ስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን እንዴት እንዳፈራረሰ ታላላቆችህን ጠይቅ።

ደሴ ላይ አሁን ጨረር አለ?

አለ፤ የትም አለ። ደሴ ከኮምቦልቻ በብዙ መቶ ሜትር ስለምትበልጥ ከጠፈር የሚመጣው እኛ ዘንድ ትንሽ ይበልጣል። አብሽሩ፣ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ለዚህ ብሎ የሚወርድ የለም።

ፊውዥን ተሳካ ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

በከፊል። ፊውዥን አቶምን መሰንጠቅ ሳይሆን ማዋሃድ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ካሊፎርኒያ ውስጥ የሃይድሮጅን ዓይነቶች በሌዘር ተጨፍልቀው ተዋሃዱ። የገባው የሌዘር ጉልበት 2.05 ሜጋጁል፣ የወጣው 3.15 ሜጋጁል። ደስ ይላል። ሌዘሮቹ ግን ከመስመር 300 ሜጋጁል ያህል ስበዋል። ዜናውን ስታነቡ የትኛውን ሂሳብ እንደያዘ እዩ።

ሪአክተር የሰው ፈጠራ ብቻ ነው?

አይደለም! ጋቦን ውስጥ፣ ኦክሎ በሚባል ቦታ፣ ከ2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የዩራኒየም ማዕድን ራሱን አስነስቶ ነበር። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ያኔ 235ቱ 3 በመቶ ገደማ ነበር፤ የዛሬ ነዳጅ ያህል። የከርሰ ምድር ውሃ የኒውትሮኖቹን ፍጥነት ሲቀንሰው ሰንሰለቱ ይነሳል። ውሃው ሲፈላና ሲተን ይቆማል። ቀዝቅዞ ውሃው ሲመለስ እንደገና ይነሳል። ዛሬ ይህ አይደገምም፤ 235ቱ ከ238ቱ ቶሎ ስለሚያልቅ የቀረው አነስተኛ ነው።